ቡድን ከዜሮ ብትሠሩ በድራፍት መጀመሪያ የምትወስዱት የትኛውን ቦታ ነው?

የዲሲው_ታዛቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ዝግጅት፣ እየደረሰ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ቡድን ከዜሮ ትሠራላችሁ እንበል። አንድም ተጫዋች የላችሁም። የመጀመሪያው ምርጫ የእናንተ ነው። ማንን ትወስዳላችሁ? ስም አይደለም የምጠይቀው፤ ቦታውን ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው ጥያቄውን ሳልጨርስ «ኳርተርባክ!» ይለኛል፤ ኳሱን የሚወረውረውን ማለቱ ነው። የእኔ መልስ ግን ሌፍት ታክል ነው፤ ከፊት መስመር በግራ በኩል ቆሞ ኳርተርባኩን የሚጠብቀው።

እኛ የዋሽንግተን ደጋፊዎች በዚህ ነገር የተቃጠልን ሰዎች ነን። በ2012 ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት በምርጫው ተራ ከ6ኛ ወደ 2ኛ መውጣት ነበረብን። ለዚያ ብለን ራምስ ለሚባለው ቡድን የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ራውንድ (ዙር) ምርጫ ሰጠን፤ የሁለተኛ ራውንድም ጨመርን። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ ጉድ አሰኘ። በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) ስንጫወት ጉልበቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያው ልጅ አልሆነም።

የባሰው በዲሴምበር 2014 መጣ። ራምስ እዚሁ ሜሪላንድ መጥተው ሊገጥሙን ነው። ሳንቲም ሲወረወር መሀል ሜዳ ድረስ ስድስት አምበሎች ላኩ። ስድስቱም በእኛ ምርጫ የተገኙ ልጆች ነበሩ! ከዚያ 24 ለ 0 አሸንፈውን ሄዱ። ያን ቀን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

ስለዚህ ሁሉን ነገር አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ከመጫን በፊት እሱን የሚጠብቀው ሰው ይቅደም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ከታዛቢ ጋር ነኝ። ቨርጂኒያ ሃይስኩል ታክል ተጫውቻለሁ፤ ሥራውን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባውን ወደ ግራ ነው የሚያዞረው። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የሚያይለት ሌፍት ታክሉ ነው። ታክሉ ደግሞ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው የሚጫወተው። በቀኝ እግርህ እየገፋህ፣ በግራህ ወደ ኋላ እየረገጥክ፣ ወገብህን ዝቅ አድርገህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ፊት ለፊትህ ያለው ሰው በሙሉ ፍጥነት ይመጣብሃል። እጅህን ቀድመህ ከዘረጋህ ይመታውና ያልፍሃል፤ ከዘገየህ ደረትህ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ የምትወስነው በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። 140 ኪሎ ሆኖ እንደ ዳንሰኛ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው በየሰፈሩ አይገኝም።

ጊዮርጊስ_አዲሳባ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የእኛው እግር ኳስ ሰው ነኝ። የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ስለሆነ ነው እዚህ የገባሁት። አንድ ነገር አልገባኝም። ጥሩ ተጫዋች ከፈለጉ ለምን ከሌላ ክለብ አይገዙም? ይህ ድራፍት የሚባለው ለምን ያን ያህል አስፈለገ?

የቦልቲሞር_ቤቲ

እንኳን ደህና መጣህ ጊዮርጊስ። እዚህ ተጫዋች በብር አይሸጥም። ቡድን ከቡድን ጋር ተጫዋች በተጫዋች ወይም በድራፍት ምርጫ ይለዋወጣል እንጂ እንደ አውሮፓ 100 ሚሊዮን ከፍለህ አታመጣም። ኮንትራቱ ያለቀበትን ማስፈረም ትችላለህ። ግን ለሁሉም ቡድን እኩል የደመወዝ ጣሪያ አለ። ሀብታም ስለሆንክ ብቻ ኮከብ መሰብሰብ አይፈቀድልህም።

ከኮሌጅ የሚወጡት ልጆች በድራፍት ይከፋፈላሉ። 32 ቡድን፣ 7 ራውንድ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። እናንተ ጋ መጨረሻ የወጣ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፤ እዚህ ደግሞ የተሻለው ልጅ ይሰጠዋል። የተጀመረው በ1936 ነው። የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር ይባላል፤ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ነበር። የሚገርመው አንድም ቀን ኤንኤፍኤል ውስጥ አልተጫወተም።

ለታዛቢ ጥያቄ መልሴን በኋላ እጽፋለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

አርኤፍኬ_82

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። እሁድ ጨዋታውን የምከታተለው መኪናው ውስጥ በሬዲዮ ነው። ስታዲየሙ አርኤፍኬ ገና ከተማው ውስጥ ነበር። ሰው ሲዘል መቀመጫው አብሮት ይዘላል።

ቡድን ከዜሮ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችን አይተናል። በ1981 ጆ ጊብስ አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። በዚያው ዓመት ማርክ ሜይ በመጀመሪያው ራውንድ፣ ረስ ግሪም በሦስተኛው ተመረጡ። ጆ ጃኮቢን ግን 28ቱም ቡድኖች አልፈውት ነው እኛ ጋ የገባው። እነዚህ ናቸው በኋላ «ሆግስ» የተባሉት፤ ከፊት የሚቆሙት ግዙፎቹ። ያሠለጠናቸው ጆ ቡግል ነው።

ጃንዋሪ 1983፣ ፓሳዲና። ከማያሚ ጋር ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ፍጻሜ ነው። 17 ለ 13 እየመሩን ነው። አራተኛው፣ የመጨረሻው ሙከራ ላይ ደርሰናል፤ ኳሱን ላለማጣት የቀረን አንድ ያርድ (አንድ ሜትር ገደማ) ብቻ። ኳሱ ለጆን ሪገንስ እንደሚሰጥ አገር ያውቃል። ማያሚም ያውቃል። ሰጡት። መስመሩ በግራ በኩል ከፈተለት። አንድ ተከላካይ ማልያውን ጨምድዶ ያዘው፤ መያዝ አቅቶት ተንሸራቶ ወደቀ። ሪገንስ 43 ያርድ ሮጦ ገባ። 27 ለ 17 አሸነፍን።

ከዚያስ? በ1987 ሲዝን ሌላ ዋንጫ፣ በ1991 ሲዝን ሌላ። አሠልጣኙ ያው ጊብስ ነው። ኳርተርባኮቹ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ጆ ታይዝማን፣ ዳግ ዊልያምስ፣ ማርክ ሪፒን። ሪፒን በስድስተኛ ራውንድ የተገኘ ነው። ዊልያምስ ያን ሲዝን በተጠባባቂነት ነበር የጀመረው። ሱፐር ቦውሉ ላይ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን (እንደ ጎል ማለት ነው) ወረወረ። ዋንጫውን ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው። ያን ሌሊት በዚህ ከተማ የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ታክሲዬ ውስጥ የሚገባው ሰው ሁሉ ያቅፈኝ ነበር።

ኳርተርባኩ ሲለዋወጥ መስመሩ ግን ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ እኔም ከፊት መስመር ጀምሩ እላለሁ።

ከሲያትል_ነኝ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እንዲህ ያለውን ታሪክ ከእርስዎ ካልሰማን ከየት እንሰማለን።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ታዛቢ፣ በዚያው በ2012 እናንተ ያን ሁሉ ከፍላችሁ ግሪፈንን ስትወስዱ እኛ ኳርተርባኩን ራስል ዊልሰንን በሦስተኛ ራውንድ፣ በ75ኛ ነው ያገኘነው። በሁለተኛ ዓመቱ ዴንቨርን 43 ለ 8 ቀጥተን ዋንጫ ወሰድን። የዊልሰን ደመወዝ ኢምንት ስለነበር ብሩ ለመከላከሉ ቀረ። ያንን መከላከል ግን ማን ከፍ አድርጎ መረጠው? ሪቻርድ ሸርማንም ካም ቻንስለርም የአምስተኛ ራውንድ ልጆች ናቸው።

እኔ ከዜሮ ብጀምር ፓስ ረሸር ነው የምወስደው። ኳርተርባክ ላይ የሚዘምተውን ማለቴ ነው። ሱፐር ቦውል 50ን አስታውሱ። የካሮላይናው ኳርተርባክ ካም ኒውተን በ2011 አንደኛ ተመራጭ፣ የዴንቨሩ ፓስ ረሸር ቮን ሚለር ሁለተኛ ተመራጭ። በዚያ ምሽት ተገናኙ። ሚለር ሁለት ጊዜ ኳሱን ከኒውተን እጅ አስጣለ። ሁለቱም ወደ ተችዳውን ተቀየሩ። ዴንቨር 24 ለ 10 አሸነፈ፤ የጨዋታው ኮከብም ሚለር ሆነ። ልብ በሉ፣ ሚለር የመጣው በሌፍት ታክሉ በኩል አይደለም። በራይት ታክሉ ነው። ዛሬ ፓስ ረሸር ደካማውን ፈልጎ በፈለገው በኩል ይቆማል። ሌፍት ታክልህ የቱንም ያህል ቢበረታ በሌላው በር ይገባብሃል።

ዳላስ_ሐበሻ

እኛ ዳላሶች የታዛቢን ሐሳብ ሞክረነዋል። በ2011 ታይረን ስሚዝ፣ በ2013 ትራቪስ ፍሬደሪክ፣ በ2014 ዛክ ማርቲን። ሦስቱም የፊት መስመር፣ ሦስቱም የመጀመሪያ ራውንድ። በ2016 ዳክ ፕሬስካት የሚባል የአራተኛ ራውንድ ጀማሪ ኳርተርባክ ከኋላቸው አቆምን። 13 አሸንፈን 3 ተሸንፈን ጨረስን። ጀማሪው ኢዜክየል ኤሊየት በሩጫ ሊጉን መራ። መስመር ካለህ ሌላው ይመጣል።

ከሲያትል_ነኝ

ዋንጫውስ?

ዳላስ_ሐበሻ

ዋንጫው ከ1995 ሲዝን ወዲህ አልመጣም። ለዚያ ግን ጥፋተኛው መስመሩ አይደለም።

የቦልቲሞር_ቤቲ

ተመለስኩ። ረጅም ነው፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ለጋሼ። ጋሼ፣ የነገሩንን ታሪክ እጄን በአፌ ጭኜ ነው ያነበብኩት። ግን ልብ ብለው ያዩት እንደሆነ ታሪኩ የሚረዳው ታዛቢን አይደለም። ጃኮቢን ማንም አልመረጠውም። ግሪም የሦስተኛ ራውንድ ነው። እርስዎ የሚያስታውሱት ያ ታላቅ መስመር አብዛኛው ከታች ተለቅሞ በጥሩ አሠልጣኝ የተሠራ ነው። ፊላደልፊያንም እዩ። ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ የመጣ የራግቢ ተጫዋች ነበር፤ የአሜሪካን ፉትቦል አንድም ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። በ2018 በሰባተኛ ራውንድ፣ በ233ኛ ወሰዱት። ዛሬ ሌፍት ታክላቸው ነው፤ የሻምፒዮንነት ቀለበትም አለው።

በተቃራኒው ደግሞ ያ የእናንተው የ2014 ምርጫ አለ። ራምስ 2ኛ ላይ ግሬግ ሮቢንሰን የሚባል ታክል ወሰዱበት። አልሆነም። በዚያው ቀን በራሳቸው ምርጫ 13ኛ ላይ የወሰዱት ልጅ አሮን ዶናልድ ነው። ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ የመከላከል ተጫዋች ተባለ።

እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በብር ነው የማየው። እስከ 2010 ድረስ አንደኛ ተመራጭ ገና ሳይጫወት ሀብታም ነበር። ሳም ብራድፈርድ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ 50ው የተረጋገጠ። በ2011 ደንቡ ተቀየረ። ካም ኒውተን በዚያው ቁጥር ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ደመወዙ የሚወሰነው በተመረጥክበት ቁጥር ነው፤ ቦታህ ለውጥ አያመጣም። 2ኛ የተመረጠ ታክልና 2ኛ የተመረጠ ኳርተርባክ እኩል ነው የሚከፈላቸው።

አሁን ገበያውን ተመልከቱ። ዳክ ፕሬስካት በ2024 የፈረመው በዓመት 60 ሚሊዮን ነው። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንየልስ በዚያው ዓመት 2ኛ ተመርጦ የአራት ዓመቱ ጠቅላላ 38 ሚሊዮን ገደማ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ዓመት የዳክ ደመወዝ ያንሳል! ፓስ ረሸር ማይካ ፓርሰንስ 47 ሚሊዮን። ሪሲቨር (የተወረወረውን ኳስ የሚቀበለው) ጃማር ቼስ 40። ሌፍት ታክል ትሪስታን ዎርፍስ 28። ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) ሴኳን ባርክሊ ፊላደልፊያ ሲገባ በዓመት 12 ተኩል ገደማ። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይበልጣል አይደለም። በሌላ መንገድ የማታገኘው ማንን ነው? ጥሩ ታክል በልውውጥ ይገኛል፤ ራሳችሁ ትሬንት ዊልያምስን ለሳን ፍራንሲስኮ በሦስተኛና በአምስተኛ ራውንድ ምርጫ አልሰጣችሁም? ጥሩ ኳርተርባክ ግን ማንም አይለቅልህም።

እኛ ሬቨንሶች ደግሞ በእውነት ከዜሮ ጀምረናል። በ1996 ከክሊቭላንድ መጥተን የመጀመሪያው ድራፍታችን ላይ 4ኛ ነበርን። ባለቤቱ ሎረንስ ፊሊፕስ የሚባለውን ራኒንግ ባክ ፈልጎ ነበር። ተጫዋች መራጩ ኦዚ ኒውሰም ግን ከዝርዝሩ ላይ የበላይ የሆነውን ጆናታን ኦግደንን ወሰደ፤ ሌፍት ታክል። 26ኛ ላይ ተከላካዩን ሬይ ሉዊስን ጨመረ። ሁለቱም ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ታዛቢ፣ ታክል አትውሰድ እያልኩህ አይደለም። እጅህ ላይ ኦግደን ካለ ውሰደው። ቦታው «ታክል» ስለተባለ ብቻ ግን አትውሰድ።

ጊዮርጊስ_አዲሳባ

ቤቲ አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። በእኛ ኳስ በረኛ በርካሽ ይገኛል፣ ጎል አግቢ ግን ያስከፍላል እንደሚባለው ማለት ነው። ታዲያ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ምን አጠፋ? ጋሼ የነገሩን ያ 43 ያርድ የሮጠ ሰው ዋንጫ አላመጣም እንዴ?

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

አምጥቷል። ግን ሪገንስን እኛ በድራፍት አላመጣነውም፤ ከጄትስ ኮንትራቱ አልቆ የፈረመ ነው። ራኒንግ ባክ መጀመሪያ የሚወስድ ሰው 1981ን ይይ። ኒው ኦርሊንስ አንደኛ ላይ ጆርጅ ሮጀርስን ወሰደ። ሁለተኛ ላይ ጃያንትስ ፓስ ረሸሩን ሎረንስ ቴይለርን አገኙ። ሮጀርስ ጥሩ ሯጭ ነበር። ቴይለር ግን ጨዋታውን ቀየረው። በ2018 ደግሞ ጃያንትስ ራሳቸው 2ኛ ላይ ባርክሊን ወሰዱ፤ ኳርተርባኮቹ ጆሽ አለን 7ኛ፣ ላማር ጃክሰን 32ኛ ድረስ ቀሩ። ባርክሊ ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጠውና ቀለበት ያገኘው ፊላደልፊያ ከሄደ በኋላ ነው። ከጥሩ መስመር ኋላ!

ቤቲ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። ግን ጉዳት ሒሳብ ውስጥ አልገባም። የሲንሲናቲው ኳርተርባክ ጆ በሮው በ2020 አንደኛ ተመርጦ በኖቬምበር እዚሁ ላንዶቨር ሲጫወት ጉልበቱ ተበጠሰ። የመታው የእኛ የመከላከል መስመር ነው። በቀጣዩ ድራፍት ሲንሲናቲ 5ኛ ላይ ታክሉ ፔኔ ሴዌል እያለ ሪሲቨሩን ቼስን መረጠ።

ከሲያትል_ነኝ

ሱፐር ቦውልም ገባ።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ገባ። በሮውን ቴነሲ ዘጠኝ ጊዜ ሳክ አድርጎት (ኳሱን ሳይወረውር ጥሎት) ተርፎ ነው የገባው። ሱፐር ቦውሉ ላይ ሰባት ጊዜ ወደቀ። የመጨረሻዋን ሙከራ አስታውስ። አራተኛ ሙከራ፣ አንድ ያርድ፣ በሦስት ነጥብ ልዩነት ወደኋላ። ቼስ ከተከላካዩ አምልጧል። ግን ኳሱ ከመድረሱ በፊት የራምሱ አሮን ዶናልድ በሮውን አሽከረከረው። 23 ለ 20 አለቀ። ሪሲቨሩ ነፃ ነው፤ የሚወረውርለት ሰው ግን መሬት ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

የቦልቲሞር_ቤቲ

ሴዌልን ቢወስዱ እዚያ ጨዋታ ላይ ይደርሱ ነበር? ቼስ በጀማሪነቱ 1,455 ያርድ ይዟል። ደግሞ ዶናልድ የመጣው በመሀል በኩል ነው። ሴዌል በስፋት የተጫወተው ራይት ታክል ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ አልነበረም።

የዲሲው_ታዛቢ

ቤቲ የብሩን ነገር በደንብ አስረድተሽኛል። የሚያሳስበኝ ግን እርግጠኝነቱ ነው። ኳርተርባክ ሲሳሳት ቡድኑ ዓመታት ያጣል። በ2019 ኳርተርባኩን ድዌይን ሃስኪንስን 15ኛ ላይ ወሰድን፤ ነፍሱን ይማረው። ኳርተርባክ አለን ብለን በ2020 2ኛ ላይ ፓስ ረሸሩን ቼስ ያንግን መረጥን፤ ኳርተርባኩ ጀስቲን ኸርበርት 6ኛ ሄደ። በዚያው ዲሴምበር ሃስኪንስን አሰናበትነው። ያንግ የዓመቱ ምርጥ የመከላከል ጀማሪ ተባለ፤ በ2021 ጉልበቱ ተጎዳ፤ በ2023 ለሳን ፍራንሲስኮ በልውውጥ ሰጠነው። ሲያትል፣ የአንተም ምርጫ ዋስትና የለውም ማለቴ ነው።

በ2000 2ኛና 3ኛ ምርጫ በእጃችን ነበር። 2ኛ ተከላካዩ ላቫር አሪንግተን፣ 3ኛ ሌፍት ታክሉ ክሪስ ሳሙኤልስ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ አሪንግተን ነበር። ሳሙኤልስ ግን አሥር ዓመት ቆመልን፤ ስድስት ጊዜ ለፕሮ ቦውል (ለኮከቦች ጨዋታ) ተመረጠ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው።

ዳላስ_ሐበሻ

እኔ ጠላት ብሆንም አንድ ስም ሳላነሳ አላልፍም። የእናንተው ሾን ቴይለር። በ2004 5ኛ። ሴፍቲ (ከኋላ የሚቆመው ተከላካይ) በዚያ ቁጥር አይወሰድም ይባላል፤ ኳርተርባኩ ሮትሊስበርገርም 11ኛ ሄዷል። ግን ያን ልጅ ሲጫወት ያየ ሰው ስለ ቦታ ዋጋ ሊያስረዳኝ አይችልም። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

አርኤፍኬ_82

አሜን ልጄ። ከጠላት ቤት እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ ደስ ይላል።

ታዛቢ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1985 ታይዝማን እግሩ ሲሰበር በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ተናጋሪው ድምፁ ጠፋ። የጣለው ሎረንስ ቴይለር ራሱ እጁን እያወናጨፈ ሐኪም ጠራ። ታይዝማን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ያኔ ምርጥ መስመር የተባለው የእኛ ነበር! በቅርቡም አይተናል። ለዳንየልስ ብለን በ2025 ላረሚ ተንሲልን በልውውጥ አመጣን፤ ጆሽ ኮነርሊን በመጀመሪያ ራውንድ ጨመርን። ሁለት ታክል። ልጁ ግን በዚያው ሲዝን ጉልበቱም፣ የጭኑ ጡንቻም፣ ክርኑም ተጎዳ። ክርኑ የወለቀው ከሲያትል ጋር፣ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ በአራተኛው ሩብ ነው። ያን ሰዓት ቁጭ ማለት ነበረበት። ይህን ታክል አያድንም፤ አሠልጣኝ ነው የሚያድነው።

እና ደግሞ ልጄ፣ በ2023 4 አሸንፈን 13 የተሸነፍን ቡድን ዳንየልስን ባገኘን ዓመት 12 አሸንፈን 5 ብቻ ተሸነፍን። ዲትሮይትን በሜዳው አሸንፈን ለኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረስን። ይህን ያህል ዘመን ስጠብቅ የነበረውን አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ሰጠኝ። መስመር ወዳጅ ነኝ፤ ግን ያንን ልጅ አልፌ ታክል አልወስድም።

የዲሲው_ታዛቢ

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ካሉ እኔም እንዲህ ላስቀምጠው። ዳንየልስን የሚያህል ኳርተርባክ ፊቴ ካለ እሱን እወስዳለሁ። ሁለተኛውን ራውንድ ግን ሳልጠይቅ ለመስመር ነው የማውለው። ኳርተርባኮቹ አጠራጣሪ በሆኑበት ዓመት ደግሞ ታክሌን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቤቲ የፈለገችውን ብትል።

የቦልቲሞር_ቤቲ

በዚያ ዓመት እኔ ምርጫውን ሸጬ ወደ ታች እወርዳለሁ። ራምስ በእናንተ ላይ እንዳደረጉት።

ከሲያትል_ነኝ

እኔ ፓስ ረሸሬን አልለቅም።

ጊዮርጊስ_አዲሳባ

ዘንድሮ አብሬያችሁ አያለሁ። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

የመጀመሪያው ራውንድ ሐሙስ ነው፤ በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት። አዲስ አበባ ዓርብ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ራውንድ በማግስቱ ነው። መስመር የሚለቀመው እዚያ ስለሆነ እሱንም እንዳያመልጥህ።